ባትሪና ብርድ በአንድ ቤት

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚኒባስ ስሄድ አንድ ሽታ መጣ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሐሜት፣ ከፊት ወንበር በኩል ተነሣ፤ ከዚያ መኪናውን ሞላው። ክረምት ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እንግዲህ የታክሲ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ይጠረጥራል። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ያዘችና ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካውን ወጣት አየችው። ወጣቱ ደግሞ እኔን አየኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ላይ መፍረድ ቀላል ነው።

ረዳቱ አላስቻለውም። «ጎበዝ፣ ሆዱን ያመመው ካለ ይውረድ፣ ሒሳቡን እመልስለታለሁ» አለ። ሰው ሳቀ።

«ልጄ፣ ይሄ የሰው ሆድ አይደለም» አልኩት። «ባትሪያችሁ ነው። ከልክ በላይ እየተሞላ ነው፣ ፈልቷል። መስኮት ክፈቱና ዳር ያዙ።»

«ባትሪ ይሸታል እንዴ ፋዘር?»

«ይሸታል። መስኮቱን ክፈት።»

ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ በማርያም፣ ሕፃን ይዣለሁ፣ ብርድ ይመታብኛል» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውዬ ጀርባውን እንደሚያመው ተናገረ። እኔ የራሴን መስኮት ገፋ አደረግሁ። ባለነጠላዋ በላዬ ላይ ተንጠራርታ «ይቅርታ አባባ፣ ሳይነስ አለብኝ» ብላ መለሰችው። ከፈትኩ። ዘጋች። ደግሜ ከፈትኩ። በትሕትና ዘጋች። እንዲህ እየተባባልን አሸዋ ሜዳን አለፍን።

ኋላ ሹፌሩ ራሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው ዳር ያዘ። የፊት ወንበሩን አነሣው። ባትሪው ጎኑ ጫት እንደያዘ ጉንጭ አብጧል፤ በክዳኑ ዙሪያ ውሃ እየተፋ ይንጫጫል። ያን ጊዜ ሁሉም ተገፋፍቶ ወረደ። መስኮት አልከፍትም ያለ ሰው ሁሉ በሜዳው ላይ፣ በንፋሱ፣ በካፊያው ቆመ። ባለነጠላዋ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «አባባ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ምን ይባላል። በኔ ዕድሜ ቁጣ ዋጋው ውድ ነው፤ አልተቆጣሁም። ግን ደከመኝ። «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ቃል የወተት ጥርሴ ከወለቀ ጀምሮ አፌ ውስጥ ያለ ቃል ነው። ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ ሰበታ፣ በአንድ ክረምት። እሷም ስትለው ደክሟት ነበር።

እኛ የገፈርሳ ሰዎች ነን። እናቴ ታናሼን በወለደች ጊዜ ቤቱ ጠበበና እኔ ሰበታ ወደ አዳዳ ብርቄ ተላክሁ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ዕድሜዬን በትክክል አላውቀውም፤ የሚያውቁት ሁሉ ስላለፉ የምጠይቀው የለኝም። የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር፣ ያን አስታውሳለሁ፤ ሹፌሮቹ «በሩ የተከፈተ ልጅ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበርና።

ቤቱ ከጅማ መንገድ ዳር ነው። አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከጓሮው ደግሞ የጭቃ ማድ ቤት። ክፍሉ ሁለት የጣውላ መስኮት ነበረው፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጓሮው፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመንገዱ መስኮት ሥር የአዳዳ ባል ኦቦ ቱሉ ተኝተዋል። በጓሮው መስኮት ሥር ደግሞ በወፍራም ሳንቃ ላይ የመኪና ባትሪዎች ተደርድረዋል። ለእኔ በመሃል መደብ ተሰጠኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ሆስፒታል መስሎኝ ነበር። አይፈረድብኝም። አዳዳ ጠዋት ተነሥታ በባትሪዎቹ ረድፍ ትሄዳለች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ትሰጣቸዋለች። ጎናቸውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትኩሳታቸውን ታያለች። ውሃ የጎደለውን በትንሽ ማንቆርቆሪያ ታጠጣዋለች። «ይሄ ትናንትም አልያዘ» ትላለች። «ይሄ ይድናል።» «ይሄስ ሞቷል፣ ለባለቤቱ ይነገረው።» ከዚያ በዚያው እርምጃ ወደ አልጋው ሄዳ የኦቦ ቱሉን ደረት ታዳምጣለች፣ ግንባራቸውን ትዳስሳለች፣ ውሃ ትሰጣቸዋለች። ሁሉም በሽተኛ ነው፤ ልዩነቱ ባትሪዎቹ ሽቦ አላቸው፣ ኦቦ ቱሉ የላቸውም።

የቤቱን የተበላሸ እንቁላል ሽታም የእሳቸው ሕመም አድርጌው ነበር። እንደዚያ የሚሸት ሰው ምን ያህል ቢታመም ነው እያልኩ አዘንኩላቸው። እንዳያዩኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ አፍንጫዬን በጋቢ እሸፍናለሁ። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ፣ «አዳዳ፣ ለኦቦ ቱሉም ለምን ሽቦ አታደርጊላቸውም?» አልኳት።

አዳዳ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ከአልጋው ላይ ሳቅና ሳል ተደባልቆ ተሰማ። «ጠይቃት እስቲ ደሜ» አሉኝ ኦቦ ቱሉ። «ይቺ ሴትዮ ለሰው መኪና ስትሰጥ ለእኔ ትሰስታለች።»

«አንተ ከተሞላህ ማን ያስችልሃል» አለች። በሰው ፊት አንቱ ትላቸዋለች፤ ለብቻቸው ሲሆኑ አንተ። እኔ ሰው አልነበርኩም መሰለኝ።

ኦቦ ቱሉ የጅማ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ደረታቸው ሲደክም ከመሪው ወረዱና ያጠራቀሙትን አውጥተው ያን ማሽን ገዙ። ግራጫ የብረት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ባለመርፌ ሰዓት አለው፣ ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ሥራውን ለአዳዳ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሕመሙ አልጋ ላይ ሲያውላቸው ሥራው የእሷ ሆነ። መንገደኛው ሁሉ ያውቃታል። ባትሪ የደከመበት ሹፌር በሰው ትከሻ አሸክሞ ያመጣላታል፤ የምግባቸው ነገር ከዚያ ሳንቃ ላይ ነው።

ሕጓ ብዙ ነበር። ማሽኑ ሳይጠፋ ሽቦ አይነካም። መጀመሪያ ሽቦው ይያዛል፣ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ፤ ኋላ ማሽኑ ይበራል። ሲነሣም መጀመሪያ ማሽኑ ይጠፋል። «እሳት የሚወለደው ሽቦው ሲነካካ ነው» ትለኝ ነበር። አሲድ ስትበጠብጥ ውሃውን አስቀድማ አሲዱን በቀስታ ትጨምርበታለች፤ ውሃን በአሲድ ላይ ያፈሰሰ ሰው ፊቱን ይጠብቅ። የባትሪ ውሃ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሲያልቅባት ሜዳ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ የዝናብ ውሃ ትይዛለች፣ ቆርቆሮ የነካውን ግን አትቀበልም። ብረት ያለው አምባር አውልቃ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች። እኔ ከሳንቃው አንድ ክንድ እንዳልጠጋ በከሰል መስመር አሰመረችልኝ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አየር። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ነገር አይታይም፣ ከታመመ ባትሪ በቀርም አይሸትም፤ እሳት ካገኘ ግን ይፈነዳል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣራ ሥር ይከማቻል። ስለዚህ መስኮቱ ክፍት መሆን አለበት። ሁለቱም። ክረምት ይሁን በጋ።

ሹፌሮቹ ያደክሟት ነበር። አንዱ ሲጋራውን በአፉ ይዞ ይገባል። «እዚያው ቁም» ትለዋለች።

«እቴ፣ እኔ እኮ ባትሪዬን ላይ ነው።»

«ሲጋራህ ደግሞ ባትሪህን ሊያይ ነው?»

ሌላው «በቶሎ ሙይልኝ፣ ማሽኑን እስከ መጨረሻው አዙሪው፣ ዛሬ ወሊሶ መድረስ አለብኝ» ይላል። «እስከ መጨረሻው ካዞርኩት አንተ ወሊሶ ስትደርስ እሱ ወደ አምላኩ ይደርሳል» ትላለች። ይስቁና ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ ያንኑ ይሉታል። ከዚያ ክረምት የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው አንድን ነገር ሰምቶ ያንኑ ነገር አለመስማት እንደሚችል ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ከሹፌሮቹ ጋር አልነበረም።

እንግዲህ ሁለቱ መስኮቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ ብያለሁ። ሲከፈቱ ንፋሱ ከጓሮ ገብቶ፣ በባትሪዎቹ ላይ አልፎ፣ በኔ መደብ ላይ አልፎ፣ በኦቦ ቱሉ ደረት ላይ ተሻግሮ ወደ መንገዱ ይወጣል። የሰበታን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦቦ ቱሉ እጃቸውን ከጋቢው ቀስ አድርገው ያወጡና መስኮቱን ይስቡታል። አዳዳ መጥታ ትከፍተዋለች። ትወጣለች። ይዘጋል።

እኔ ብርድ የሚባለውን ነገር ፍጡር አድርጌው ነበር። በመስኮት ይገባል፣ ደረት ላይ ይቀመጣል ሲሉ ስለምሰማ፣ ሲገባ ላየው መደቤ ላይ ተጋድሜ እጠብቃለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም። ዝንብ ብቻ ነው የሚገባው።

«ቱሉ፣ መስኮት ክፈቺ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ» ትላቸዋለች።

«ያኔ ጤነኛ ነበርኩ።»

«ባትሪው አንተ መታመምህን አላወቀም።»

«ብርድ ነው የሚገድለኝ ብርቄ፣ ባትሪ አይደለም።»

«ክርንህን በመኪና መስኮት አውጥተህ ጅማ ድረስ ስትሄድስ? ያኔ ብርድ አልነበረም? ነው ወይስ ብርድ ሹፌር ይፈራል?»

ያንን ክርን ሁሉም ያውቀው ነበር። የቀኝ ክንዳቸው ነጣ ያለ፣ የግራው ደግሞ ከክርኑ በታች በፀሐይና በንፋስ የጠቆረ ነው። ሁለት ሰው ተቆርጦ የተገጣጠመ ይመስላል።

መፍትሔው አንድ ነበር። መብራት የገባው በትልቁ ቤት ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ከዚያ አይወጣም። ማድ ቤቱ ውስጥ ቀን ከሌት እሳት ስላለ ባትሪ እዚያ አይገባም። የሚንቀሳቀሰው አልጋው ነው። ማድ ቤቱ ይሞቃል፣ ንፋስ የለበትም፤ ሰውም ባትሪ በሚሞላበት ክፍል መተኛት የለበትም። ይሄን አሁንም እላለሁ፤ ሁለተኛ ክፍል ያለው ሰው እንደ እነሱ እንዳያደርግ። አዳዳ ከክረምቱ መግቢያ ጀምራ ለምናለች። ኦቦ ቱሉ እንቢ።

«ጓሮ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ ነው» ይላሉ። «መንገዱ ከጠፋኝ ሞቻለሁ ማለት ነው።»

«ዘግተኸው ምኑን ታየዋለህ?»

«እሰማዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ይሄ ከባድ ጭኗል፣ ማርሽ ዘግይቶ ቀየረ» ይላሉ። «ይሄ ፍሬኑን ያሳየው።» አንዳንዴ የሚያውቁት መኪና ሲያልፍ ስሙን ይጠሩታል፤ የሹፌሩን ስም ማለቴ ነው። ሹፌሩ ግን አያውቅም። የተዘጋ ጣውላ አይቶ ያልፋል። ግማሾቹ ኦቦ ቱሉ ሞተዋል ብለው እንደነበር ኋላ ሰማን።

በመጨረሻ አዳዳ መረራት። ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። «መስኮቱ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ካገኘሁት፣ አንተ ዝጋው፣ ሌላ ሰው ይዝጋው፣ አልጋህ ጓሮ ይወጣል። ባትሪዎቹ ያበሉናል። አንተ አታበላንም። ይቅር በለኝ፣ ግን አታበላንም።»

ኦቦ ቱሉ ለተወሰኑ ቀናት እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም። በርዷቸው ሲንቀጠቀጡ አያቸው ነበር።

ያኔ ጠያቂዎች መጡ።

ከሁሉም የምትበልጠው ከመንገዱ ማዶ ያለችው እትዬ ዘነበች ነበረች። እንደ እሷ ያለ ደግ ሰው በሕይወቴ ጥቂት ነው ያየሁት፤ እንደ እሷ ያስመረረኝም ጥቂት ነው። አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ገና ከመግባቷ «ውይ፣ በዚህ ብርድ?» ትልና መስኮቱን ትዘጋለች። አዳዳ ትከፍታለች፣ ምክንያቱን ትነግራታለች። እትዬ ዘነበች አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፣ «እውነትሽን ነው» ትላለች፤ ለመቀመጥ ስታልፍ ዘግታው ታልፋለች። እጇ ነው የሚዘጋው፣ እሷ አታውቅም። ሰፈሩም ማማት ጀመረ። ብርቄ ባሏን በብርድ ልትጨርሰው ነው፣ ለብረቷ ስትል አሉ። አዳዳ ሰምታለች። አንድ ቀን ለባትሪዎቹ ስትናገር ሰማኋት፤ «በደግነታቸው ሊያልቁብኝ ነው» ትላለች።

ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳዳ የባትሪ ውሃ የሚያመጣላትን ሹፌር ልትቀበል ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ሳንቃው ሙሉ ነው፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ባትሪዎቹ ይፍለቀለቃሉ። ስትወጣ ጣቷን ወደ መስኮቶቹ ቀስራ «ፎዳ ሂን ጩፊን» አለችኝ፤ መስኮት እንዳትዘጋ ማለቷ ነው። ወደ አልጋው ዞረችና «አንተንም ነው» አለች።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች ሌሎች ሁለት የእድር ሴቶች አስከትላ ገባች። ነጠላቸው ረጥቧል። አንዷ የመንገዱን መስኮት ዘጋች፣ አንዷ የጓሮውን፤ እትዬ ዘነበች በሩን ገርበብ አደረገችው።

«አዳዳ አይዘጋ ብላለች» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ አዳዳህ የብረት ነገር ይዟታል። እሳቸው ግን ሰው ናቸው» አለችኝ እትዬ ዘነበች።

ወደ ኦቦ ቱሉ አየሁ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞቋቸው ነበር። ያቺን ሙቀት ሳስባት ዛሬም አልፈርድባቸውም፤ ክረምቱን ሙሉ የጠበቋት ናት።

ሴቶቹ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማገዶ አወሩ። ሽታው እየከበደ ሄደ። እትዬ ዘነበች ወጣ ብላ ተመለሰች። ስትመለስ በጨርቅ የያዘችው ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ዓይናቸውን ገለጡ። ከትራሳቸው ቀና አሉ። «እሱን አውጪልኝ» አሉ።

«ኧረ ኦቦ ቱሉ፣ ምን ይሉኝታ ነው?»

«ይሉኝታ አይደለም። አውጪው።»

«ከሰሉ የኔ ነው፤ ምንም አላስቸገርኩ። ይሙቁ እንጂ።»

«ዘነበች፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ።»

እትዬ ዘነበች ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «አያችሁልኝ? ታመው እንኳ ሰው ማስቸገር አይፈልጉም።»

እንግዲህ የእኛን አገር ታውቃላችሁ። የተሰጠውን ገና በመጀመሪያው የተቀበለ ሆዳም ነው፤ ገና በመጀመሪያው እንቢታ የተወ ሰጪም ስስታም ነው። እንቢ ይባላል፣ በሞቴ ይባላል፣ እንደገና እንቢ ይባላል። ኦቦ ቱሉም ዕድሜያቸውን ሙሉ «በቃኝ» ሲሉ ኖረው አንድም ቀን ያመናቸው የለም፣ ማመንም ነውር ነው። ያን ቀን እውነተኛው እንቢታ ሲመጣ መልኩ ከሌላው አልተለየም። የሚጨምሩበት ቃል አልነበራቸውም። ሊጮሁ ሲሞክሩ ሳሉ ያዛቸው።

«አያችሁ ብርዱን» አለች እትዬ ዘነበች። ምድጃውን ጋቢያቸው እንዳይነካው አስባ፣ በጣም ተጠንቅቃ፣ ከአልጋው አርቃ አስቀመጠችው። ከሳንቃው ሥር።

እፍ አለችው፣ ፍንጣሪ ተነሣ። ከዚያ ጅራፍ ጮኸ።

ጅራፍ ነው የመሰለኝ። ቡሄ ስለደረሰ የሰፈር ልጆች ቀኑን ሙሉ ያጮሁ ነበር፤ ማን ቤት ውስጥ ገብቶ ያጮሃል ብዬ ተናደድኩ። ቀና ስል የአንዱ ባትሪ ክዳን የለም። ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል። እትዬ ዘነበች ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ኦቦ ቱሉ ግን ከአልጋው ላይ አልነበሩም። ሳይደገፉ የማይነሡት ሰው በባዶ እግራቸው ማሽኑ ጋ ደርሰዋል። ሽቦውን አልነኩም። ማሽኑን አጠፉ፤ መስኮቱን በቡጢ ገፉት፤ በሩን በረገዱት። ከሁለቱ ሴቶች አንዷን «ምድጃውን ይዘሽ ውጪ» አሏት፤ ድምፃቸው የጭነት መኪና ረዳት የሚያዙበት ድምፅ ነበር፣ አንዴ ብቻ ነው ያሉት። እኔን «የዝናቡን ገንቦ» አሉኝ። እትዬ ዘነበችን በትከሻዋ ይዘው ጓሮ አወጧት፣ እዚያው ዝናቡ ውስጥ አስጎንብሰው ውሃውን ፊቷ ላይ ያወርዱት ጀመር።

«ዓይንሽን ክፈቺ።»

«ያቃጥለኛል ኦቦ ቱሉ።»

«ስለሚያቃጥልሽ ነው የምልሽ። ክፈቺ።»

«በቃኝ።»

«አይበቃሽም» አሉ። «እኔም በቃኝ ስል ሰምተሽኛል?»

ገንቦው ሲያልቅ እኔ ከቆርቆሮው የሚወርደውን አመጣሁ፤ ለዓይን የትኛውም ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ረጅም ጊዜ አፈሰሱ። ክንዳቸው ሲዝል በሌላው ክንዳቸው ያዙ። ኋላ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ታየች፤ ዓይኗ ለጥቂት ሰሞን እንደ በርበሬ ቀልቶ ከረመና ዳነ። ነጠላዋ ነው ያልዳነው። ያን ቀን ምንም አልሆነም ነበር፤ ስታጥበው እጇ ላይ እንደ ወንፊት ሆኖ ቀረ። ቡዳ በላው ብላ ለብዙ ሰው አወራች። አሲዱ ነው ብላ አዳዳ ነገረቻት። «እውነትሽን ነው» አለች፤ ከዚያም ወጥታ ቡዳ ነው አለች።

አዳዳ የባትሪ ውሃዋን ተሸክማ ስትመለስ ባሏን በዝናብ ርሰው፣ በቀጭን ሸሚዝ፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘቻቸው። ቤቱን አየች። ሴቶቹን አየች። የተሰነጠቀውን ባትሪ አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አመድ አምጥታ የፈሰሰው አሲድ ላይ መበተን ጀመረች። ባሏን አደረቀቻቸው፣ አስተኛቻቸው። የራሷን ጋቢም ደረበችላቸው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ «ነገ አልጋው ጓሮ ይወጣል» አለች።

ኦቦ ቱሉ ጣራውን ያዩ ነበር። እኔ ኦቦ ቱሉ ነገ ይሞታሉ ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። መንገዱ ከጠፋኝ ሞቻለሁ ብለው አልነበር?

ጠዋት አዳዳ ማድ ቤቱን ለአልጋው ስትጠርግ እጄን ነካ አደረጉኝ። «ደሜ፣ ካቻቢቴ አምጣልኝ። ፒንሳም።» አመጣሁ። ተነሡ። የቆዳ ካፖርታቸውን፣ የመንገዱን ካፖርት፣ ከሚስማሩ አውርደው ለበሱ። መስኮቱን ደግፈህ ያዝ አሉኝ። የማጠፊያውን ብሎን አንድ በአንድ፣ በየመሃሉ እያረፉና እያሳሉ፣ ፈቱት። ዝጎ ነበር። የመጨረሻው ሲወጣ ጣውላው እንዳለ ክንዴ ላይ ወደቀ፣ ልወድቅ ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮው ሄደው ያንንም ፈቱት።

አዳዳ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። ሁለት ባዶ የመስኮት ቀዳዳ አየች። ጣውላዎቹ መሬት ላይ ተደራርበዋል።

«ምን አደረግህ?»

«አስቸገረ» አሉ። «ከፍተሽ የማይሆን፣ ዘግተሽ የማይሆን።»

«ሌባ ሲገባስ?»

«ብርድ ይመታዋል።»

«ዝናብ ሲገባስ?»

«ለባትሪሽ ውሃ ነው።»

አዳዳ መጥረጊያዋን ጥላ ወጣች። ስትመለስ ማድ ቤት እሳት ዳር ያሞቀችውን ጋቢ ይዛ ነበር። ኦቦ ቱሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወደ መንገዱ ዞረው፣ ያን ጥቁር ክርናቸውን መስኮቱ አፍ ላይ አሳርፈዋል። ጋቢውን ከካፖርቱ በላይ ደረበችላቸው፣ በአንገታቸው ዙሪያ አጠበቀችው።

«ክርንህን ግን አስገባ» አለች።

አላስገቡም።

ከጅማ በኩል አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ይወጣ ነበር። ኦቦ ቱሉ ጆሮአቸውን አልሰጡትም፤ አሁን ያዩታል። እኛ ቤት ፊት ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ አያቸው፣ እንደገና አያቸው፣ ከዚያ ክላክሱን ረጅም አድርጎ ነፋው። ኦቦ ቱሉ ክርናቸው ካለበት ሳይነቃነቅ መዳፋቸውን ብቻ ብድግ አደረጉለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጅማ መንገድ መኪና ሁሉ በዚያ ቤት ሲያልፍ ይነፋ ነበር። ቀንም፣ ሌሊትም። አዳዳ ትራሷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ይዘጋዋል?» ትላለች።